ቀማሽ ያጣ ወይን ጠጅ

በቤታችን ቡፌ ላይ፣ ከሬዲዮኑ ጎን፣ እናቴ በኪሮሽ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ላይ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ቆሞ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎት ሳይከፈት ቆመ። የመጣ እንግዳ ሁሉ እያየ "ለየትኛው ንጉሥ ነው የቆጠባችሁት?" ብሎ ይቀልዳል። አባቴ "ንጉሥ" የሚለውን ቃል ሲሰማ መጀመሪያ መስኮቱን ያያል፤ ከዚያ ፈገግ ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞረዋል። እኛ ልጆቹ እንኳን ልንጠጣው ልንነካውም አይፈቀድልንም። አቧራውን የምትወለውለው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ወልውላ ስትጨርስ እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

አባቴ መርዝ አለበት ብሎ ያምን ነበር።

ጠርሙሱን ያመጣልን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። አባቴ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ይሠራል፤ የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ መጥቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፔኒሲሊን እንዲያወጣለት ጠየቀው። አባቴ አይሆንም አለ። ከየት እንዳመጣው እንጃ እንጂ፣ በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር አይሆንም ለማለት የሚበቃ ድፍረት ያን ቀን ነበረው። ሰውየው ስቆ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በበዓል ዋዜማ ይህን ወይን ጠጅ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልን መጣና "ለበዓል ነው፣ ጓድ። ቂም አልያዝኩም" አለው።

አባቴን እንቅልፍ የነሳው ይቺ "ቂም አልያዝኩም" የምትለው ነገር ናት። "ቂም ያልያዘ ሰው ቂም አልያዝኩም ብሎ አይናገርም" ይላል። ቀይ ሽብሩ አልፎ ነበር፤ ሰው ግን ገና በገዛ ጓዳው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ከአባቴ የሥራ ባልደረቦች አንዱ ከሰው ቤት ጠጥቶ ሲወጣ በር ላይ ተይዞ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀርቷል። ስለዚህ አባቴ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

ታዲያ ለምን አትደፉትም ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የቆየው።

"ብንደፋው ባዶውን ጠርሙስ ይጠይቀናል፤ ለላምባ ይፈልገዋል። ባዶውን ስንሰጠው ጠጥተነዋል ማለት ነው። ጠጥተነው ካልሞትን ደግሞ ደፍተነዋል ማለት ነው። ከደፋነው ጠርጥረነዋል።"

"መርዝ ከሌለበትስ?" አለች እናቴ።

"ከሌለበትማ ምን ቸገረን፤ እንዳለ ይቀመጣላ።"

እናቴ በአባቴ ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ትስቃለች። በዚህኛው ግን አልሳቀችም። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ወደ ቡፌው ወንበር ሲጎትት አይታ እንዴት እንደመታችው እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ ልጅ መምታት የማትወድ ሴት ነበረች። ጠርሙሱን ከዓይን ልትሸሽገው ደግሞ አልቻለችም። ሊቀመንበሩ ወደ አራዳ፣ ወደ ገበያው፣ ሲወርድ በደጃችን ነው የሚያልፈው፤ ሲያልፍም በመስኮቱ አሻግሮ ያያል። ስጦታውን አክብረን እንዳስቀመጥነው እንዲያይ ነው ዳንቴል የተነጠፈለት።

በእኛ አገር መጠጥ ያለ ቀማሽ አይቀርብም። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ የሚያቀርበው ሰው ከማንቆርቆሪያው በግራ መዳፉ ጠብ አድርጎ ፉት ይላል፤ ለእንግዳው የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሡን ጠጅ የሚቀምስ ሰው የተለየ እንደነበር፣ ንጉሡም ሲጠጡ ዓይን እንዳይገባባቸው በሸማ ይጋረዱ እንደነበር ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግሁት። እኔ ልጅ ሳለሁ ቅምሻው ለወግ ያህል የቀረ ነገር ነበር። ሴቶቹ መዳፋቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉና ሳይቀምሱ ይቀዳሉ፤ ማንም ልብ አይለውም። ደርግ ከመጣ ወዲህ ግን ሰው የቀማሽን ጉሮሮ ማየት ጀመረ፤ ዋጠች ወይስ አልዋጠች ብሎ።

አባቴ ቀደም ሲል ከፈረንጅ ሐኪሞች ጋር ሠርቷል። አንዱ ቤት እራት ተጋብዞ ያየውን ደጋግሞ ያወራልናል። ጋባዡ ጠርሙሱን ከከፈተ በኋላ መጀመሪያ ለራሱ ጥቂት ይቀዳል፣ ያሸታል፣ ይቀምሳል፤ ለእንግዶቹ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው። "ፈረንጅም እንደ እኛ ጠርጣሪ ነው" ይላል፤ ይህ ነገር ደስ ይለው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ነው እኔ ሰው የወደድኩት።

አንድ ትምህርት ቤት ነበር የምናስተምረው። እሱ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቱ ናቸው ያሳደጉት። ሲስቅ ጥርሱን በእጁ ይሸፍናል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥርሱ ሸጋ ነበር። ሌላ ሰው አላገባም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። አባቴ ግን ሲነገረው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"የእሱ እኩዮች መምህራን ሁሉ ወይ ታስረዋል ወይ ጫካ ገብተዋል። እሱ ምነው ሳይነኩት ቀረ?"

ምን ይባላል? አለመታሰሩ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረበት። አለቀስኩ። ተቆጣሁም። "ያንተ ልጅስ ምነው ሳይነኳት ቀረች?" ብዬ ጮህኩበት፤ አባቴ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

በመጀመሪያው ጊዜ አጎትየውና አንድ ቄስ ለሽምግልና መጡ። አባቴ በደንብ ተቀበላቸው፤ መልሱን ግን "እናስብበት" ብሎ አሳደረው። አጎትየው የገጠር ሰው ናቸው፤ ነገሩን የገመቱት በአገራቸው ልክ ነው። የሴት አባት እናስብበት ካለ ሽማግሌው አንሶታል ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚከበር ሰው ይጨመራል። በከተማ የሚከበር ማን እንደሆነ ሰው ጠየቁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው አሏቸው። የሚከበርና የሚፈራ ለእሳቸው አንድ ነበር።

ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በራችንን ያንኳኳው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው።

ወግ ነውና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ነበርኩ። በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ። አባቴ ሰውየውን ከአጎትየውና ከቄሱ ፊት ቆሞ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እያሰበ እንደነበር አውቄዋለሁ። ልጁ የእነሱ ሰው ነው፣ ሳይታሰር የቀረው ለዚህ ነው እያለ ነበር። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ለአንድ አፍታ እንደዚያው አሰብኩ። የምወደውን ሰው በዚያች አፍታ ጠረጠርኩት። ዛሬ አባቴ እንዴት እንደዚያ ሆነ ብዬ ስገረም ያቺን አፍታ አስባታለሁ።

እናቴ ጠላ በማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች። ሊቀመንበሩ እጁን አነሳ።

"ጠላው ይቆይ፣ እመቤት። ያ የኔ ወይን እስከ ዛሬ አልተከፈተም እንዴ? ልጅ ከመዳር የሚበልጥ ምን ደስታ ልትጠብቁ ነው?"

አባቴ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። "ለዚሁ ቀን ብለን እኮ ነው ያቆየነው" አለ።

ጠርሙሱ ወረደ። የቡሽ መክፈቻ ቤታችን የለም። አባቴ አንድ ብሎን በካቻቪቴ ቡሹ ውስጥ አስገባና በፒንሳ ሳበው። ቡሹ ደርቆ ኖሮ እንደ ቆሎ ገለባ ተፈረፈረ፤ ግማሹ ከብሎኑ ጋር ወጣ፣ ግማሹን በካቻቪቴው ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋው። ሦስት ብርጭቆ ቀዳ። እናቴ በትሪ አድርጋ በእንግዶቹ ፊት አስቀመጠችና ጥግ ይዛ ቆመች።

ማንም አላነሳም።

አጎትየው ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል አቁመው ብርጭቆውን አዩ፤ አባቴን አዩ። "ምነው፣ ቀማሽ የለውም እንዴ? በእኛ አገር ያልተቀመሰ አይጠጣም" አሉ።

"ይኸማ የአድኃሪያን ልማድ ነው፣ አያ" አለ ሊቀመንበሩ እየሳቀ። "አሁን ሰው ሰውን ያምናል።" የራሱን ብርጭቆ ግን አልነካም። ዓይኑ አባቴ እጅ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ እሱም ፈርቷል! ፔኒሲሊን ተከልክሎ የሄደ ሰው ነው። የሰጠው ጠርሙስ የመርዝ ሁሉ ቁልፍ በእጁ በሆነ ሰው ቤት ሁለት ዓመት ከርሟል። ለምን ሳይከፈት እንደቆየ ለራሱ ሲጠይቅ ኖሮ ይሆናል፤ በመስኮታችን ሲያይ የነበረውም ለዚያ ይሆናል። ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ሳቅ የሚመጣበት ሰዓት አልነበረም።

"ስጦታው የእርስዎ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ አባቴ። "መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልን።"

"ኧረ አይሆንም። ባለቤት ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም" አለ እሱ። አሁን የአድኃሪያኑን ልማድ ረስቶታል።

ቄሱ ነገሩን ሊያበርዱ መሰለኝ፣ ስለ ወይን ማውራት ጀመሩ። ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን የሚዘጋጀው በቤተልሔም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለችው ቤት፣ ከዘቢብ ብቻ ነው አሉ። ዘቢቡ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይጨመቃል፤ እንዲፈላና እንዲያሰክር አይጠበቅም። ዘቢቡም ድሮ ከሩቅ አገር አይመጣም ነበር። ወደ ጣና በኩል፣ በይፋግ፣ ተራራውን ያለበሰ የወይን ተክል ነበር፤ ጠጁም ዘቢቡም ከዚያ ነበር የሚወጣ። ኋላ በሽታ ገባበትና ዘሩ ጠፋ፤ አገሩም ወደ ጌሾና ማሩ ተመለሰ። "አሁን ዘቢብ እንኳ በመከራ ነው የምናገኝ" አሉና የተናገሩት ነገር መንግሥትን የሚነቅፍ መስሎ ስለተሰማቸው ወዲያው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጠፋም" ብለው አስተካከሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሎኝ የምሰማው ታሪክ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው ሦስቱን ብርጭቆዎች ብቻ ነው፤ ቀይ ናቸው፣ በአንዱ ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ተንሳፍፏል።

ቄሱ ሲጨርሱም ብርጭቆ ያነሳ አልነበረም።

አጎትየው ከዘራቸውን ጨበጡ። "ጌታው" አሉ ለአባቴ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም እንዳዘነ ሰው። "እኛ የመጣን ልጅ ልንለምን ነው። አንድ ብርጭቆ ለመጠጣት ይኸን ያህል ካልተማመንን እንደምን እንዛመዳለን? እንነሳ መሰል።"

እሳቸው ከዚያ ወንበር ከተነሱ ነገሩ እንዳበቃ አውቃለሁ። ሊቀመንበር ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሽማግሌ ሦስተኛ አይመጡም፤ ሰውየውም ውርደቱን አይረሳልንም። ልወጣ ፈለግሁ። ወጥቼ አንዱን ብርጭቆ አንስቼ ልጨልጠው ፈለግሁ። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት ሳትጠራ ብቅ ያለች ልጅ ራሷን አዋረደች ማለት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረሁ።

እናቴ ከጥጉ ተንቀሳቀሰች። ጠርሙሱን ከአባቴ እጅ ወሰደች። በግራ መዳፏ እስኪሞላ ድረስ አንቆረቆረች፤ ለወግ እንደሚደረገው ጠብታ አይደለም፣ ሙሉ መዳፍ ነው። ወደ አፏ አስጠጋች። ጠጣችው። ጉሮሮዋ ሲወርድና ሲወጣ ሁሉም አየ። አገጯ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ። እናቴ መርዝ ጠጣች፣ ስለ እኔ ጠጣች እያልኩ ነበር።

በዚያች ቅጽበት አባቴን አየሁት። እናቴን አልነበረም የሚያየው። ሊቀመንበሩን ነበር።

"ሸጋ ነው" አለች እናቴ። ድምጿ እንደ ወትሮዋ ነበር። "ጠጡ። ደስ ይበላችሁ።"

ጠጡ። እኔም ብርጭቆዎቹ ሲመለሱ ከአንዱ ጠርዝ ቀምሼ አውቄዋለሁ፤ መርዝ የለበትም፣ ሆኖም ወይን አልነበረም፣ ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጤ ነው። ወይን ጠጅ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፣ ቡሹ እንዲረጥብ። ቆሞ ከከረመ ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባውና ይኮመጥጣል። ይህን የተማርኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከእኛ ቤት ማንም አያውቀውም፤ ጠርሙስ እንደ ፎቶግራፍ ቆሞ የሚታይ ነገር ይመስለን ነበር። እንግዶቹ ግን ሳይኮሳተሩ ጠጡት። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ። ሊቀመንበሩ አሳለው፣ አፉን በመሐረብ ጠረገና "ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው" አለ። አጎትየው ጥርሳቸውን ነክሰው "ጠንካራ ነው፤ ሸጋ ነው" አሉ። አንድም ሰው ኮምጥጧል አላለም። በዚያ ዘመን ሁላችንም እንደዚያ ነበርን፤ የቀረበልንን ሁሉ ጥሩ ነው ብለን እንውጥ ነበር።

አባቴ እኔን ለመስጠት እሺ አለ። በቀላሉ፣ በአንድ ቃል፣ "ልጄ ልጃችሁ ናት" አለ። ቄሱ መረቁ። አጎትየው ተነስተው አባቴን አቀፉት፤ ሊቀመንበሩም አቀፈው። የእኔ ደስታ እንዴት እንደነበር ልናገር አልችልም፤ ጓዳ ውስጥ ብቻዬን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። የፈለግሁትን አገኘሁ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ እናቴ ወደ ጓዳ መጣች። ከእንስራው ውኃ ቀዳሁላት። አፏን ተጉመጠመጠች፤ ከዚያ ጠጣች፤ እንደገና ቀዳሁላት። አቅፌያት ቆምኩ፤ እሷም ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኛለች፣ መጽናናት የሚገባኝ እኔ የሆንኩ ይመስል።

አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። እጁን ያፋትግ ነበር።

"አየሁት" አለ። "አንቺ ስትቀምሽ ዓይኔን ከፊቱ ላይ አልነቀልኩም። እጅሽን ወደ አፍሽ ስትወስጂ፣ ስትውጪ፣ ሁሉንም አየሁ። ፊቱ ቅንጣት አልተለወጠም። ሰውየው ንጹሕ ነው። በከንቱ ነው የጠረጠርነው።"

እናቴ የውኃውን ኩባያ ከአፏ አወረደችው። አልተቆጣችም። የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው እንደሚፈልግ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

"ፊቱ ቢለወጥስ ኖሮ?" አለችው።

አባቴ እጁን ማፋተጉን ተወ። ከዚያ እናቴ ኩባያውን አስቀመጠችና ብርጭቆዎቹን ልታጥብ ወደ ውጭ ወጣች።